የቅዱስ ማየል ብር

ሙለን፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2005

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? የብሬስት ዝናብ ለጉልበትህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ፊርማን ዘንድሮም ጓሮውን ሲቆፍር ይውላል። አሥራ አንድ ዓመት ያልጻፍኩልህ አድራሻህ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለኝ።

አባባ ካረፉ በኋላ መሳቢያዎቹን የከፈትንበትን ቀን አልረሳኸውም። ከባቡር ሥራ ደመወዛቸው እየቆጠቡ የሰበሰቧቸው፣ የጥንት መሳፍንትና ገዳማት ያስመቷቸው የብር ሳንቲሞች ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። የሱቪኚ መነኮሳት ያስመቷት፣ የቅዱስ ማየል ፊት ያለባት ብቻ የለችም። አንተም ልጆቼ እየሰሙ ፊርማንን፣ "አባባ ሲታመሙ ቁልፉን የያዝከው አንተ፤ ሌላ ሌባ ከየት ይመጣል?" አልከው። ያንን መሳቢያ አባባ ለዓመታት ከፍተው እንዳላሳዩን ማናችንም ልብ አላልንም።

ሳንቲሞቹን ትተህልኝ ሄድክ። እኔም በእልህ ተማርኳቸው። ዛሬ ፊደሉ የተፋቀ ብር አምጡልኝ፤ የየትኛው መስፍን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ጉራ አይደለም፤ ነጋዴዎቹ ራሳቸው እየመጡ ይጠይቁኛል።

ባለፈው እሑድ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የሳንቲም ገበያ ነበር። ሙሴ ኮርዲየ የሚባሉ ሽማግሌ ነጋዴ ትሪ ላይ አየኋት። በስተግራ ጠርዟ ተሸርፏል፤ አባባ "የማየልን ጆሮ አይጥ በላው" እያሉ ያስቁን የነበረው።

"ይቺን ከማን ገዟት?" አልኳቸው።

"ከአንድ የባቡር ሠራተኛ። ለገበያ ሳላወጣት ብዙ ዓመት አስቀመጥኳት። ከሸጠልኝ በኋላ እንኳ ሦስት ጊዜ ተመልሶ አያት። 'ካሳሳችህ ውሰዳት እንጂ!' ስለው፣ 'ተወው፤ ይልቅ የቫዮሊን ሠሪው ሱቅ በየት በኩል ነው?' አለኝ" አሉ።

ዘመኑንም ጠየቅኋቸው። ሚስታቸውን የቀበሩበት ወር ነበርና አልተሳሳቱም፤ ሴፕቴምበር 1971። አንተ አዲሱን ቫዮሊንህን ይዘህ ሊዮን ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባኸው መቼ እንደነበር ከእኔ አንተ ታውቃለህ።

ገዝቻት ወደ ቤት ሄድኩ። ፊርማን አፈሩን ከእጁ አራግፎ አያት። "ይህችው ናት? ትንሽ ናት እኮ!" አለና እጁን ሊታጠብ ገባ። ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁት። ሲወጣ ዐይኑ ቀልቷል። "ለወንድምሽ ጻፊለት፤ ግን እንዳታሳፍሪው" አለኝ።

አላሳፈርኩህም መሰለኝ። ለገና ና። በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገረውን የድንች ፓቴ እሠራለሁ፤ ልጆቹም ይኖራሉ። የምትለው ካለህ ከእኔ አትጀምር። የፓሪሱ ባቡር ከቀትር በፊት ይገባል። ፊርማን ጣቢያ ወጥቶ ይቀበልሃል፤ እኔ ለምኜው አይደለም፣ ራሱ ነው ያለው።

ጉልበትህን ያጽናልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ።

ታናሽ እህትህ