የድንቡሼ ፎቶግራፍ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የልጅሽ የድንቡሼ ወባስ ተመልሶ አልመጣባትም? የባልሽ ጉልበትስ? ላሚቱ ወለደች ወይ? እኔ እግሬ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን።

እታለም፣ አንድ ነገር ሆዴን እያቃጠለኝ ነው። ስደቢኝ፣ ተቆጪኝ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እዚህ ሰው አገር የማጸዳው የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ባለፈው ዓርብ ተማሪዎቹ በሩቅ አገር ለተራቡ ልጆች በአንድ የእርዳታ ድርጅት በኩል ገንዘብ እናሰባስባለን ብለው ሳይበሉ ዋሉ። ለጾሙበት ሰዓት ዘመድ አዝማዱ ይከፍልላቸዋል አሉ። እኛ በነጻ የጾምነውን ማን ይክፈለን! ወጥ ቤቱ ግን እንደ ወትሮው አብስሎ ኖሮ፣ ሁለት ድስት ሙሉ ምግብ ቆሻሻ ውስጥ የደፋሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ አዳራሹን ልወለውል ብገባ ግድግዳው ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ድንቡሼን! እኔን የምታህል አድርገው ሰቅለዋታል፤ ያኔ ከወባዋ ስትነሳ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ የጎን አጥንቷ ተቆጥሮ። ያ ከድርጅቱ መጥቶ የነበረው ፎቶ አንሺ የላክሁላትን ሹራብ አውልቂላት ያለሽ ለካ ለዚህ ኖሯል! እኔ ሞኟ ግን ደስታ አሰከረኝ። መወልወያዬን ወርውሬ ወረቀቱን ሳምኩት። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ማን ናት ቢሉኝ፣ የእህቴ ልጅ ናት አልኳቸው፣ እየተንቀባረርኩ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ፊደል እየቆጠርኩ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። እናቷ በረሃብ ሞታባት ብቻዋን ቀርታለች ይላል።

አስተባባሪያቸው አሥራ ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። እጄን ይዛ፣ እህትሽ መቼ ሞተች አለችኝ። ክፉ አይደለችም፣ እንባዋ ከልቧ ነበር። ኧረ እናቷም አባቷም በሕይወት አሉ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን የድንቡሼ ትምህርት ቤት ምሳ የሚበስለው በዚሁ ድርጅት ገንዘብ መሆኑን አንቺው ጽፈሽልኛል። ልጆቹ ተታለልን ካሉ መስጠቱን ይተዉታል፤ ያን ጊዜ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ጦሙን ሊውል ነው። ዓምና አልኳት። አፌን ቆርጦ በጣለው!

ሁሉንም አስነሥታ ለነፍስሽ አንድ ደቂቃ ዝም አሰኘቻቸው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ቆምኩልሽ። ሲያበቁ አጨበጨቡልኝ። ለቅሶ ላይ ሲጨበጨብ አይተሽ ታውቂያለሽ? እነሱ ማታ ቤታቸው ገብተው በልተዋል፤ እኔ ግን በቁምሽ ቀብሬሽ ገባሁ።

ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ ይህን ግን አትንገሪው። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ እሳቸው ከሰሙማ ሟርተኛ ብለው ይረግሙኛል፣ እውነታቸውንም ነው። ድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ምሳዋንም እየበላች እንደሆነ ጠይቀሽ ንገሪኝ። መልሱን በሌላ ሰው አታስጽፊ። በራስሽ እጅ ጽሕፈት፣ አለሁ ብለሽ ጻፊልኝ።

ሞትሽን ያወራች ታናሽሽ

ከትምህርት ቤቱ የመጥረጊያ ክፍል፣ ኅዳር 11 ቀን