የፌንጣዋ ዓይንና የአያ ደሴ ውኃ

ማክሰኞ፣ መስከረም 20። ከጠዋቱ 12፡30።

ዛሬም ድብዝዝ። አርባ ፎቶ፣ አንድም የረባ የለም። አንዱ ላይ የፌንጣዋ እግር ብቻ፣ ሌላው ላይ ቅጠል፣ የቀረው የራሴ ጥላ። ስልኩ ላይ የምትሰካው ትንሽዬ ሌንስ ታጎላለች እንጂ ትዕግሥት አትሰጥም። አንድ ጣት ያህል እስኪቀረኝ ድረስ መጠጋት አለብኝ፤ ትንፋሼ እንኳ ምስሉን ያናውጠዋል። ጠል ሳይረግፍ መድረስ ይሻላል፣ ፌንጣ በብርድ ትፈዛለች። የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ይህን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ለማንም አታውሪብኝ፣ ደብተሬ።

ፌንጣ የምፈልግበት የሩዝ ማሳ ባለቤት አያ ደሴ ዳር ላይ ቆመው ምን እንደጠፋብኝ ጠየቁኝ። ፌንጣ ፎቶ እንደማነሣ ነገርኋቸው። ሳቁብኝ።

«ፌንጣ ፍለጋ ከወረታ ድረስ? ብትነግሪኝ በጆንያ ሞልቸ እልክልሽ አልነበር!»

እንደ ልቤ እንድመላለስ ፈቀዱልኝ። ደግ ሰው ናቸው።

ሐሙስ፣ 22። 1፡40።

አገኘኋት! ዓይኗን! ቡናማ መስመሮች አሉበት፣ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ማሳዎቹን በሚለየው የጭቃ ግድብ ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ ክርኔን ተክዬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ሃያ ደቂቃ። ስነሣ የተኛሁበት ቦታ ተደርምሷል፤ ውኃ በቀጭኑ ወደ ታችኛው ማሳ ይወርዳል። ሁለት እፍኝ ጭቃ መረግሁበት። ሣር ጣል አደረግሁበት። ቆመ። ደወል 2፡00 ነው፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ደስታዬን አልችለውም።

ቅዳሜ፣ 24።

ፎቶዋን ለአያ ደሴ ላሳያቸው ሄድሁ። ማሳው ውኃ የለውም። ጭቃ ብቻ። ሩዙ ሊያዘረዝር ነው፣ ክረምቱ ወጥቷል፣ ከእንግዲህ ውኃ ከየት ይመጣል? ግድቡ እኔ የመረግሁበት ቦታ ላይ በክንድ ስፋት ተቦድሷል። እዚህ አገር ግድብ የሚደፈነው ከነሥሩ በተቆረጠ ሣር፣ በእግር ተረግጦ ተጠቅጥቆ ነው። ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ጭቃ ቀባሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አያ ደሴ ግን ግድቡን የቆረጠው የታችኛው ማሳ ባለቤት ነው ይላሉ። አያ ምናሉ ይባላሉ። ማሳቸው በውኃ ጢም ብሏል፣ ሌላ ማን ይጠረጠራል? ሁለቱ አበልጆች ናቸው፤ የአያ ደሴን የመጨረሻ ልጅ ክርስትና ያነሡት አያ ምናሉ ናቸው።

«አበልጀ ነው የጎዳኝ» አሉኝ። «እግዜር ይፍረድ።»

አሜን አልሁ። ይኸው ጻፍሁት። አሜን አልሁ! ስልኬን ኪሴ ከትቼ ተመለስሁ።

ሰኞ፣ 26።

ርዕሰ መምህሩ ፎቶዋን በትልቁ አሳትመን ቤተ ሙከራው በር ላይ እንስቀላት አሉ። መምህራኑ ተሰበሰቡባት። የት እንዳነሣኋት ሲጠይቁኝ ሌላ አገር ጠርቼ ሐሙሲት አልሁ። ማን አስገደደኝ? ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ 29። ከገበያ መልስ።

የአያ ምናሉን ባለቤት እትዬ ጥሩን አገኘኋቸው። ከስተዋል። ሽማግሌዎች ለእሑድ አውጫጭኝ ጠርተዋል። ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ያየውን ይናገራል፤ አይቶ የደበቀ በቄሱ ግዝት ይታሠራል። አያ ምናሉ እህል አልቀምስም ብለዋል።

«የአበልጁን ውኃ ሰርቆ በምን አፉ ሊቆርብ ነው ይሉታል። ልጆቸን እንኳ ሰላም የሚል ጠፋ፣ የኔ ልጅ።»

አይዞዎት አልሁ። እኔ! ሽንኩርቴንም ሳልገዛ ተመለስሁ።

ለምን አልናገርም? ከተማሪዎቼ ግማሹ የዚያ ሰፈር ልጆች ናቸው። ለፌንጣ ብላ የሰው እህል ያደረቀች ይሉኛል። ደግሞም እውነታቸውን ነው። ማፈር ብቻውን ምን ይጠቅማል? አፍራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1። ከቀኑ 11፡00።

ነገርኋቸው። አያ ደሴ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ተቀመጭ ቢሉኝ እምቢ ብዬ፣ ከክርኔ እስከ ሐሙሲቱ ውሸት። እሳቸው ተቀመጡ። ምነው በጮሁብኝ! በኋላ ስለ ሩዙ ብዙም አልተናገሩም፤ ግማሹ ይተርፋል አሉ። የከበዳቸው ሌላ ነው። አበልጃቸውን በሰው ፊት ሌባ ብለዋል።

«አንች ዝም በይ» አሉኝ። «መምህርት ነሽ፣ አትዋረጅ። እኔንም በስተርጅና አታዋርጅኝ። ነገ ተነሥቸ ለእግዜር ብየ ምሬዋለሁ እላለሁ። በዚያው ያልቃል።»

ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ወደ ቤት ስመለስ አንጎራጎርሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 2። ከጠዋቱ 12፡50።

ነጠላዬን ስለብስ ገባኝ። አያ ደሴ ምሬዋለሁ ሲሉ አያ ምናሉ ይቅር የተባለ ሌባ ይሆናሉ። ባልሰረቁት ምሕረት ተደርጎላቸው! ከዚያ በኋላ ማን ያጠራቸዋል? ልጆቻቸው ሲዳሩ እንኳ ይነሣል። እኔ ደግሞ ለዚህ ነው ጉልበት የሳምሁት። ግድቡን ሳላውቅ ሰበርሁ እንበል፤ ትናንት ያደረግሁትን ግን እያወቅሁ ነው።

ወስኛለሁ። ቅዳሴ ሳያልቅ ደርሼ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አያ ምናሉን እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ለእሳቸው። ከዚያ በጉባኤው ፊት ቆሜ፣ አያ ደሴ ቢያዩኝም፣ ተማሪዎቼ ቢሰሙኝም። አያ ደሴ ይቀየሙኛል። ይቀየሙኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም፣ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝሁ። ባጃጁ ደጅ ላይ ጥሩንባ ይነፋል።

አያ ምናሉ፣ ያን ዕለት ሐሙስ ጠዋት ግድቡን የሰበርሁት እኔ