ሻምበል እንቁላል ጣለ

ኅዳር 9
ልብስ አስጥቼ ጓሮ ተቀመጥኩ። ከሁለቱ ኤሊዎቻችን ትልቁ፣ ሻለቃ፣ ሻምበል ላይ ወጥቶ ሲያቃስት... ኤሊ ድምፅ እንዳለው ዛሬ ሰማሁ። ባለቤቴ መጥረጊያ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ተደባደቡ» አለና ገላገላቸው። ሁለቱም ወንድ ናቸው፤ ያመጣቸው ቀን ወስኗል። ጠቡ የማዕረግ ነው አለኝ። ትምህርት ቤት ሲያስተዳድር የኖረ ሰው፣ ጠብ መገላገል ለምዶበታል። እኔ ሦስት የወለድኩ ሴት ነኝ። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም።

ኅዳር 15
ደግሞ ተደባደቡ። ጠዋትም፣ ከሰዓትም። ሻምበል የከፋው አይመስልም።

ታኅሣሥ 6
ጓሮው ሲሚንቶ ሊሆን ነው። አልተጠየቅኩም፤ ተነገረኝ። ለመኪናው መቆሚያ። የትኛው መኪና? ያ ከደጅ ንቅንቅ ብሎ የማያውቀው፣ ድመት የወለደችበት? ግንበኛው ሰኞ ይመጣል። በዚህ ቤት ጫማዬን አውልቄ የምረግጠው አፈር ይኸው ብቻ ነው... ከፋኝ።

ታኅሣሥ 8
ሻምበል አጥሩ ሥር በኋላ እግሩ ሲቆፍር ዋለ። «ሊያመልጥ ነው» አለ ባለቤቴ። ወደኋላ እየቆፈረ የሚያመልጥ ማን አለ? ዜና ሊሰማ ሲገባ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ነጭ፣ ክብ... አንድ፣ ደግሞ ሌላ። ከዚያ አፈሩን መልሶ፣ በሆዱ ደልድሎ ሄደ።

ነገርኩት። «ወንድ እንቁላል አይጥልም» አለኝ። እሱስ እውነት ነው። ና እይ አልኩት። አልመጣም። ሲሚንቶው ይፈሳል፣ አለቀ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ... ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አግብቼዋለሁ።

ታኅሣሥ 10
ግንበኛው መጣ። ጉድጓዱን በወንበሬ አራት እግሮች መሃል አድርጌ ተቀመጥኩ።
«እማማ፣ ትንሽ ይነሱልኝ።»
«አልነሳም።»
ባለቤቴ ወጣ። «አንቺ ነሽ እንዴ የምትታቀፊው?»
«ካስፈለገ።»
ግንበኛው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። «ሲስማሙ ይደውሉልኝ» ብሎ አካፋውን ይዞ ሄደ። ለእንቁላል ነው ይሄ ሁሉ? እንጃ...

ጥር 21
አኩርፎኛል። በኔ በኩል እረፍት ነው። ወንበሬ እዚያው ነው። ልጃችን በስልክ፣ «እማዬ፣ ባይፈለፈሉስ?» አለችኝ። ምን አውቃለሁ። ባይፈለፈሉ እስክሞት ሲያወራብኝ ይኖራል፣ ጓሮዬም ይሄዳል።

ሚያዝያ 2
ትናንት ዘነበ። ዛሬ አፈሩ ተሰነጠቀ። ጭንቅላት ብቅ አለ፣ የጥፍር ያህል። ከዚያ ሌላ። ስድስት ሆኑ። አለቀስኩ። ይጻፍ፣ ማን ያየዋል።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሻምበል ሴት መሆኗን ጠርጥሬ ነበር።»

ሚያዝያ 5
ወንበሬ ላይ ሰው አገኘሁ። መነጽሩን አድርጎ፣ ሰላጣ በጣቱ እየቆራረጠ። መጥረጊያው ጭኑ ላይ ነው። ለድመቷ ነው አለኝ። በአጥሩ በኩል ለጎረቤት ስለ ኤሊ አስተዳደግ ሲያስተምር አረፈደ። ተማሪ አገኘ።

ግንበኛው ደወለለት። «ቆይ» አለው፣ «አንዷ ገና አልወጣችም።»

ሁሉም ወጥተዋል። ጉድጓዱን እስከ ታች በእጄ ስፈትሽ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ነበር።

አላረምኩትም። ሌላ ወንበር አምጥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።