«እንደወጣሽ ቅሪ» ያላሉት ጋሽ ሰይድ

ውድ ወንድሜ ጸጋው፣

መጽሐፍህ ፊልም ሆነልህ። በሕይወት ብትኖር ደሴን አስጨፍረሃት ነበር። እኔ ግን ፊልሙ ከታየ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል፤ የምነግረው ሰው ባጣ ላንተ ጻፍኩ።

ከጦሳ ተራራ ሥር ገብታ የተሰረቀውን ዝናብ የምታስመልሰዋን የመጽሐፍህን ልጅ፣ ሀኒ የምትባል የአዲስ አበባ ሕፃን ሠራቻት። ብታያት «ራሷ ናት!» ትል ነበር። የተራራውን በር የሚጠብቀውን ሽማግሌ የሠሩት ደግሞ የቦሩ ሜዳው ጋሽ ሰይድ ናቸው። ዳይሬክተሩ ገና ጺማቸውን ሲያይ ነው የወደዳቸው። ሽማግሌው ልጅቷን «እንደወጣሽ ቅሪ» ብሎ የሚረግምበትን ቦታ ስንቀርጽ ግን፣ ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው «ወጥተሽ ግቢ፣ አላህ ይከተልሽ» አሏት። ካሜራ የያዘው ልጅ ሳይቀር «አሜን» አለ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ለፊልም እኮ ነው» አልኳቸው።

«ለፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ። አፉ ግን የኔው ነው። ወላሂ፣ የሰው ልጅ አልረግምም!»

ደጋግመን አስቀረጽናቸው፤ ደጋግመው መረቋት። ዳይሬክተሩ ፀጉሩን ሲነጭ ዋለና «በቃ ይሁን» አለ። እኔ ሞኟ የተሸነፈ መስሎኝ «እንዳሉት ይቀራል» ብዬ ሸኘኋቸው።

ለካ ፊልሙን አዲስ አበባ ወስዶ የሌላ ሰው ድምፅ አስገብቶባቸዋል። ፊልሙ በታየበት አዳራሽ ከጎናቸው ተቀምጬ ነው የሰማሁት። አፋቸው ይመርቃል፣ ድምፁ ይረግማል። ክንዴን ያዙና «ሣራ፣ ይኸን እኔ አላልኩም» አሉኝ በቀስታ። ሰው ያጨበጭብ ነበር።

ዳይሬክተሩን ያንን ድምፅ እንዲያወጣው ለመንኩት። «መጽሐፉ የሚለው እንደዚያ ነው፤ ምኑን አበላሸሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የጻፍከው አንተ ነህ። በማን ልቆጣ?

ጋሽ ሰይድ ከዚያ ወዲህ «ልጅቱን አምጪልኝ፣ መርቄ ልፍታት» ይላሉ። ሀኒ ግን ከኮምቦልቻ ተሳፍራ አዲስ አበባ ከገባች ቆየች። ትናንት ቦሩ ሜዳ ሄጄ ከጎናቸው ሆኜ ለእናቷ ደወልኩ፤ ለካ እሷም ፊልሙን አይታዋለች።

«ልጄን የረገመ አፍ ዳግም ስሟን እንዳይጠራብኝ!» ብላ ዘጋችብኝ።

ጋሽ ሰይድ ያለችውን አልሰሙም። ስልኩን ከእጄ ተቀብለው መረቁ። እደጊ አሉ፣ ክፉ አይይሽ አሉ፣ ወጥተሽ ግቢ አሉ። ስልኩ መዘጋቱን ልነግራቸው ብዬ ተውኩት።

ሲጨርሱ ዕንባቸውን ጠርገው «አሚን አለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«አለች» አልኳቸው።

ግራ የገባት እህትህ፣
ሣራ