በለቅሶ ላይ ካፖርት ስላስወረወረን ፊልም

ለተከበሩ ሚስተር ጃይልስ ፔምበርሊ
የፊልም ዳይሬክተር
ለንደን

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ታትሞ እጅዎ ሲገባ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በፊልምዎ ውስጥ ባርኔጣ አድርጋ የጨፈረችው አህያም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የብርዳማዋ የባሕር ጠረፍ ከተማ የስካርንቢ ነዋሪ፣ የዓሣ አጥማጁ የዊልፍ ኦልድሮይድ ባለቤት ዶርካስ ነኝ። የሰፈራችን ልጆች ያቋቋሙትን «ቲን ኬትልስ» የተባለውን የሮክ ባንድ ዘፈኖች ሰብስበው ስለሠሩልን ሙዚቃዊ ፊልም የከተማው ሕዝብ እስካሁን ያላመሰገነዎት ውለታ ቢስ ሆኖ ሳይሆን ድንጋጤው ስላልለቀቀው መሆኑን እንዲረዱልኝ እየለመንሁ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ታሪኩ አመሰግናለሁ። ባንዱ ለመርከቦች መንገድ ስለሚያሳየው የመብራት ማማ የዘፈነው ዘፈን ስላለ፣ የጥርስ ሐኪሟ ባለ ታሪክዎ አንዱን በሽተኛ አፉን እንደከፈተ ትታ ወደ ማማው ትሮጣለች፤ ስለ ባቡር የተዘፈነም ስላለ ከማማው ወርዳ ባቡር ትሳፈራለች፤ ስለ መንትዮች የተዘፈነ ስላለ ደግሞ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል እጮኛዋ ከየት መጣ የማይባል መንታ ወንድም ያገኛል። የባሌ እህት ኢኒድ አጠገቤ ከረሜላዋን እየቆረጠመች፣ «ኧረ ዶርካስ፣ ያ ሰውዬ እስካሁን አፉን እንደከፈተ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከ መጨረሻው ጠበቅንለት፤ የተመለሰለት ሰው ግን የለም። እርስዎ ዘንድ ወሬው ካለ ቢያሳውቁን ኢኒድ እንቅልፍ ታገኛለች።

፪. ስለ ፀሐይዋም እናመሰግናለን። ስካርንቢን አንድ የደቡብ ደሴት ላይ ወስደው በመቅረጽዎ የዓሣ ገበያችን የወይን ሐረግ በቅሎለት፣ እኛም ክንዳችንን ገልጠን ስንሄድ ለማየት በቅተናል። የአውቶቡስ ሾፌሩ ድልድይ መካከል አቁሞ ሲጨፍር ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ወርደው አብረውት መጨፈራቸው በተለይ ልቤን ነክቶታል። የእኛዎቹ ተሳፋሪዎች ቢሆኑ በልባቸው «አንተ ሰውዬ፣ ጭፈራህን እቤትህ! ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ!» ይሉት ነበር፤ በአፋቸው ግን ይቅርታ ነው የሚጠይቁት።

፫. ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ እንደ ፊተኛው አይፈጥንም። ነገሩ «ካፖርትህን አትርሳ» ስለሚለው ዘፈን ነው። እዚህ አገር ባል ለዓሣ ወደ ባሕር ሲወጣ ሚስት በር ላይ ቆማ የምትለው ይህንኑ ነው፤ እወድሃለሁ ማለት ያሳፍረናላ። ልጆቹ ያንን ቃል ወስደው ዝግ ያለ ዘፈን አደረጉት። ከዚያ ወዲህ በስካርንቢ ሰው ሲሞት ካፖርቱ በሣጥኑ ላይ ይደረጋል፤ ዘፈኑ ይከፈታል፤ አስከሬን የምናቃጥል ነንና፣ መጋረጃው ተዘግቶ ሣጥኑ ወደ እሳቱ ከመግባቱ በፊት የቅርብ ዘመድ ካፖርቱን አንሥቶ ይለብስና ወደ ቤት ይመለሳል። የምናለቅሰው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ዝናቡ እናወራለን።

እርስዎ ይህን ዘፈን አፍጥነው፣ ጥሩምባ ጨምረው ለሠርግ አደረጉት። አዝማቹ ሲደርስ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ካፖርታቸውን ወደ ሰማይ ይወረውራሉ፤ አህያዋም በመካከላቸው ራሷን እየነቀነቀች ታልፋለች። አልዋሽዎትም፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ችግሩ ሳቁ ከሲኒማ ቤቱ ተከትሎን መውጣቱ ነው። በጡረተኛው ፖስተኛ በሚስተር ክሌግ የአስከሬን ስንብት ላይ አዝማቹ ሲደርስ የልጅ ልጆቹ ካፖርታቸውን ወረወሩ፤ አንዱ ካፖርትም የጣሪያው መብራት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቄሱ «ወገኖቼ፣ መሰላል ያለው ሰው ይኖራል?» ብለው ጠየቁና ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

ባለፈው ወር ዊልፌ ሞተ። ይህ ዘፈን እንዲከፈትለት አደራ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሜ ለሚገባው ሁሉ፣ «ካፖርቱን የወረወረ ሻይም ሳንድዊችም አያገኝም፤ ነግሬአለሁ!» አልሁ። ታዘዙኝ፤ እያንዳንዱ ካፖርቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ተቀመጠ። ዘፈኑ ተጀመረ። የዊልፍን ካፖርት ከሣጥኑ ላይ አነሣሁ፤ የዓሣውና የትምባሆው ሽታ እንዳለ ነበር፤ ልለብሰው እጅጌውን ዘረጋሁ። አዝማቹ ደረሰ። ያቺ አህያ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ኢኒድ ከኋላዬ አፍንጫዋን ይዛ ከሳቋ ጋር ስትታገል ሰማኋት፤ እጄም ሳላዝዘው የባሌን ካፖርት ወደ ላይ ወረወረው። ቤቱ ሙሉ ሰው ተከተለኝ። ካፖርት ዘነበ። የዊልፍን ከሌሎቹ መካከል ፈልጌ፣ ከወለሉ አንሥቼ ቀና ስል መጋረጃው ተዘግቷል።

ዊልፍ ቢያየን ይስቅ ነበር ይሉኛል። እውነት ነው፣ ይስቅ ነበር። እኔ ግን ባሌን ሳልሰናበተው ሄደብኝ፤ እስከ ዛሬም አላለቀስሁለትም። ካፖርቱ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ እሱን ልጠራ ዘፈኑን በከፈትሁ ቁጥር የምትመጣልኝ አህያዋ ናት። ስለ ሳቁ እጅ ነሥቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ለቅሶዬን ግን ይመልሱልኝ።

በፊልምዎ ማብቂያ ላይ ከሚወርደው የስም ብዛት በሚረዝም አክብሮት፣ ከፍርሃት ሳይሆን ከልማድ የተነሣ ታዛዥዎ ሆኜ የምቀር፣

ዶርካስ ኦልድሮይድ
ስካርንቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከባንዱ የተረፉትን ዘፈኖች ይዘው ሁለተኛ ፊልም ሊሠሩ እንደሆነ፣ አሁን ደግሞ እዚሁ ስካርንቢ እንደሚቀርጹት ሰምተናል። ደጃችን ላይ ቆመን እንቀበልዎታለን። ሲመጡ ካፖርትዎን አይርሱ፤ ለእርስዎ ስናገረው ግን ስለ ብርዱ ብቻ ነው።