«ትንሽ» ተብሎ የተሞላው ቅጽ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ከሰላምታችን በፊት ናፍቆታችን ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

ለጦር ጉዳተኞች የመብራት ክፍያ ድጋፍ ተጀመረ ሲባል ሰምቼ አባዬን ይዤው ሄድኩ። ተራው ሲደርስ በክራንች ለቆመ የድሮ ጓዱ ለቀቀለት፤ መቼም ታውቀዋለህ። ቅጹን እያነበብኩለት እኔ ሞላሁት። «የጉዳት መጠን» የሚለው ላይ ስንደርስ «ትንሽ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረውን ፍንጣሪ እንኳ አላስጻፈኝም። ጸሐፊዋ አይታ፣ «አባባ፣ ትንሽ ከሆነማ ድጋፉ አይገባዎትም» ብትለው፣ «እንግዲያው ትንሽ ድጋፍ ስጪኛ» አላት። ቢሮው ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔ የሐኪሙን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋትና ተፈቀደለት።

ትናንት ሲመሻሽ ሳሎን ተቀምጠን፣ ያንተን ፎቶ አንስቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋና «ልጄ፣ አሁንማ የሚከፍልልን አለ፤ መብራቱን አብሪው እንጂ» አለኝ።

በርቶ ነበር።

ተነሥቼ አጠፋሁትና መልሼ አበራሁት። «እንዲህ ነው እንጂ» አለኝ ፎቶህን እያየ።

አታስብ፣ ወኔው እንዳለ ነው። ብቻ ዘንድሮ የእረፍት ጊዜህን ቀደም አድርገው። ስትመጣም ገና ከበሩ ድምፅህን አሰማው።

ሁሌም የምትናፍቅህ እህትህ