ያልነበረው ቫይረስ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን

ለልጆቼ አባት፣

ስልክ አላነሳ ብትለኝ ነው የምጽፍልህ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ፈተናዋን ጨርሳለች፤ ትንሹ የከባድ መኪና ጥሩምባ በሰማ ቁጥር አሁንም ወደ መስኮት ይሮጣል። እኔ ግን በንዴት እየተቃጠልኩ ነው።

ስድስት ወር ሙሉ አንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሲወረውረኝ ከርሞ፣ ትላንት አንዲት የጉበት ሐኪም ወረቀቶቼን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አየችልኝ።

«የጉበት ቫይረስ አለብሽ ያለሽ ማነው?»

«የእናንተው ላቦራቶሪ ነዋ!»

«እነሱ ያገኙት ሰውነት ቫይረስን ለመዋጋት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ቫይረሱን አይደለም። ቫይረሱን ራሱን ስንፈልገው የለም። በሌላ ዘዴም አጣራን፤ ይዞሽም አያውቅም። ሰውነትሽ የገዛ ጉበትሽን እንደ ጠላት ቆጥሮ እየወጋው ነው። ፀረ እንግዳ አካል ያለ ልክ ሲያመርት መመርመሪያው ተምታታበት።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

«ታዲያ እስከ ዛሬ አንድ የሚያጣራ ሰው ይጥፋ?» ስላት፣ «ይገባኛል እናቴ» አለችኝ።

ምኑ ነው የሚገባት? የላቦራቶሪው ሰው «ከትዳር ጓደኛም ሊመጣ ይችላል» ብሎኝ ቤት ስገባ፣ አንተ በር ላይ ጫማህን እያወለቅክ እንደነበር እሷ አታውቅም። «ከመንገድ ለቃቅመህ ያመጣህልኝ ነው» እንዳልኩህ አታውቅም። በነጋታው ተመርምረህ ነፃ የሚል ወረቀት ስታመጣ፣ «ወረቀት የትም ይጻፋል» ብዬ ልጆቹ ፊት ቀደድኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አንተስ ብትሆን! ያን የሚያህል መኪና ገደል ለገደል የምትነዳ ሰውዬ የአንዲት ልብስ ሰፊ ምላስ ያስሸሽህ? ቆመህ ብትጮህብኝ ምን ነበረበት? ሻንጣህን አንስተህ ዝም ብለህ ወጣህ። ዝም ስትል ጊዜ ያጠፋህ መሰለኝ፤ እኔም ልክ ነኝ ብዬ ስድስት ወር ተኛሁበት።

ሐሙስ ከጉበቴ ላይ በመርፌ ናሙና ሊወስዱ ነው። ነርሷ «ቤት የሚያደርስሽ ሰው ያስፈልጋል፤ ማን ብዬ ልጻፍ?» ስትለኝ «ባለቤቴ» አልኳት። አፌ ቀደመኝ፤ እሷም ጻፈችው።

አንተ አታስብ፣ እህቴን እጠራለሁ። እርግጥ ሐሙስ ሥራ ትገባለች። ቀጠሮው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ በሆስፒታሉ ታችኛው በር በኩል፣ መኪና ማቆሚያውም ሰፊ ነው።

መንገዱን ያቅናልህ፣ ቁልቁለቱን ያለስልስልህ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

የልጆችህ እናት